ሲጠፋ ተገኘ

ረቡዕ፣ ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የአስረስ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ «አዎ» አልሁ። አስረስ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። የጠየቀኝ ነገር አልገባኝም ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁና፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ «አዎ» ብሎ መመለስ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ዓለሚቱ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። ወንድሜ ዮናስ ተወልዶ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ቤታችን ቅቤና ፌጦ ይሸት ነበር፤ ከትራሷ ሥር ቢላ ተቀምጧል፤ ብቻዋን ደጅ አትወጣም። አባቴ ይሻው እንዳይደብራት ብሎ ቴሌቪዥኑን ከአልጋዋ ትይዩ፣ ሳጥን ላይ አስቀምጦላት ነበር። ገንፎውን የምታገነፋው፣ ሕፃኑን የምታጥበው፣ ጠያቂ የምታስተናግደው ከእብናት የመጣችው የአባቴ ታናሽ እህት ዝናሽ ነበረች።

እትየ ዝናሽ ጨዋታ ትወዳለች። ውኃ ልትቀዳ ሄዳ የሦስት ቤት ወሬ ይዛ ትመለሳለች። አባቴ «ሬዲዮ» ይላታል። «ሬዲዮ፣ ዛሬ ምን አለ?» ሲላት፣ «አንተ ብቻ ባትሪ ግዛልኝ እንጂ አያ፣ ወሬው ሞልቷል» ትለዋለች። እናቴ ያኔ ስትስቅ ሆዷን ይዛ ነበር፤ ገና ያማት ነበርና።

አንድ ቀን ሪሞቱ ጠፋ። አባቴ ነው ጠፋ ያለን። የቴሌቪዥኑ ትንንሽ ቁልፎች ከተሰባበሩ ቆይተዋል፤ የሚሠራው ትልቁ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱን ሲጫኑት ነጭ ነጠብጣብ እየተንጫጫ ይመጣል እንጂ የዲሹ ምስል አይመጣም። ምስሉን ለማምጣት ሪሞቱ ላይ «ኤቪ» የሚለውን መጫን ያስፈልግ ነበር። በዚያው ሰሞን የእናቴም ስልክ ተበላሸ። አባቴ «ለጥገና ሰጥቼዋለሁ» አለ።

እኔ ግን ሪሞቱ እንዳልጠፋ አውቅ ነበር። ከማድ ቤቱ ጀርባ እንጨት ስለቅም አባቴ፣ እትየ ዝናሽና የንስሐ አባታችን ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።

«እስከ ክርስትናው ይቆይ» አሉ የንስሐ አባታችን። «ሕፃኑን አስቡ። የአራስ ጡት በድንጋጤ ይደርቃል።»

«አባ፣ አርባ ቀን እንዴት ይደበቃል?» አለች እትየ ዝናሽ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

«ሪሞቱን እኔ ጋ አድርጌዋለሁ» አለ አባቴ። «ጠያቂውን ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ። የምፈራው አንችን ነው፣ ሬዲዮ።»

እትየ ዝናሽ ያን ቀን ስለ ባትሪ አልቀለደችም። «እኔስ እንኳን ለእሷ ለራሴም አልነገርሁት» አለች።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ደስ አለኝ። ምክንያቱም የሚደበቀው ምን እንደሆነ አውቄያለሁ ብዬ አስቤ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ታምራት የጭነት መኪና ነጂ ነው። ጅቡቲ ይመላለሳል። ለጥምቀት ሳይመጣ ሲቀር፣ «ዓለሚቱ ስትወልድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከወደብ አመጣላታለሁ» ማለቱን አስታወስሁ። እንግዲህ የሚደበቀው ያ ቴሌቪዥን ነው። አሮጌው ቴሌቪዥን እንዲሰለቻት ሪሞቱን ወስደውባታል፤ ለክርስትናው አዲሱን ስታይ እናቴ በደስታ ትደነግጣለች። ጡት በደስታም ይደርቅ ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

የእትየ ዝናሽ ዓይን ሲቀላ ጭሱ ነው ትላለች፤ እኔም አመንሁ። አባቴ ለማኅበር ነው ብሎ የእናቴ አገር ገሳይ አድሮ ተመለሰ፤ እሱንም አመንሁ። ከዚያ ወዲህ ፂሙን አልተላጨም። «ምላጭ አጣሁ» አለ። ያንንም አመንሁ።

ታምራት የተቀበረው ያን ዕለት ገሳይ ነው።

እሱን እናቴ ናት ያሳደገችው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ አሥራ ሁለት፣ እሱ ሦስት ዓመቱ ነበር። አግብታ ወደ ደብረ ታቦር ስትመጣ ይዛው መጣች። ለዚህ ይመስለኛል ልጅ ሳይኖረው መኪናው ላይ የእኔን ስም ያጻፈው። ከኋላ፣ በሰማያዊው ሳንቃ ላይ፣ በቢጫ የተከፈፈ ቀይ «ርብቃ»። የጻፈው ሰው የ«ቃ»ን እግር ከልክ በላይ አስረዝሞታል። ታምራት ሲያየው «ይች ፊደል ፍሬን የላትም» ብሎ ይስቅ ነበር።

ያን ረቡዕ ምሳ እንደበላን እናቴ እትየ ዝናሽን ጠራቻት።

«ዝናሽዬ፣ የገብስ ዱቄት አልቋል መሰል። ወፍጮ ቤት ደርሰሽ ትመጫለሽ?»

«ኧረ አላለቀም፣ ግማሽ ስልቻ አለ።»

«ሸቶብኛል። አዲስ አስፈጭልኝ፣ በሞቴ።»

አራስ የጠየቀችውን ማን ይነሣታል? እትየ ዝናሽ ገብሱን ተሸክማ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ እናቴ እኔን ጠራችኝ።

«ርብቃዬ፣ አስረስ ጋ ሂጅ። ለሁሉም ቴሌቪዥን የሚሆን ሪሞት አለው። አባቴ ላከኝ በይው።»

«አባዬ አልላከኝም እኮ።»

«እኔ ስልክሽ አባትሽ እንደላከሽ ነው። ከስምንት ሰዓት በፊት ተመለሽ። ሩጪ።»

ሮጥሁ። ምስጢሩን ሳላበላሽ እናቴን ማስደሰት የምችል መሰለኝ። አዲሱ ቴሌቪዥን እስኪመጣ በአሮጌው ብትጫወት ማን ይጎዳል?

አስረስ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ከፍቶ በብየዳ ብረት ያጨሳል። ቀና ሳይል «ምን ልስጥሽ?» አለኝ።

«ለሁሉም የሚሆን ሪሞት። አባዬ ነው የላከኝ።»

እጁን ከብረቱ ላይ አነሣና አየኝ። «ይሻው ራሱ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ለእናትሽ ነግረዋታል?»

«አዎ» አልሁ።

«እንዴት ሆነች?»

«ደኅና ናት። ገንፎ በላች።»

አስረስ ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ድሮም ጠንካራ ናት» አለ። «እግዜር ያጽናችሁ ብሏል በያት።»

እኔ በልቤ ናቅሁት። አራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የምትባለው። ሰውዬው ከቴሌቪዥን በቀር ምንም አያውቅም አልሁ።

ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ሪሞት አወረደና አቧራውን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገው። ሁለት ባትሪ ከተተበት።

«ይህ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው» አለኝ። «ግን ቴሌቪዥናችሁን አያውቀውም። መጀመሪያ ታስተዋውቂያቸዋለሽ። ቴሌቪዥኑን በትልቁ ቁልፍ ክፈችው። ከዚያ ይችን፣ ከላይ ያለችውን፣ «ሴት» የምትለውን ተጭነሽ ያዣት።»

«ሴት ናት?»

ሳቅ አለ። «የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ሲነበብ ሴት ነው። የቤቱን ምስጢር የምትይዘው እሷ ናት። ቀይ መብራት ስታበራ ልቀቂያት። ከዚያ የማጥፊያውን ቁልፍ ቀስ እያልሽ ደጋግመሽ ተጫኚ። በተጫንሽው ቁጥር አንድ ኮድ ይሞክራል። ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ወዲያው አቁሚ። ሲጠፋ ተገኘ ማለት ነው።»

«ጠፍቶ እንዴት ይገኛል?»

«እንዲያ ነው ሥራው። ኋላ መልሰሽ ትከፍችዋለሽ። ባትሪውን ብቻ እንዳታወጪ። ባትሪ ከወጣ የተማረውን ሁሉ ይረሳል።»

ሂሳቡን ከአባቴ ጋር እንደሚተሳሰብ ነግሮኝ ወደ ብረቱ ተመለሰ።

ቤት ስደርስ እናቴ ዮናስን እያጠባች የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ትልቁን ቁልፍ ተጫንሁ፤ ነጩ ነጠብጣብ መጣ። ሴቷን ተጭኜ ያዝኋት፤ መብራቷ በራች። ከዚያ ማጥፊያውን መጫን ጀመርሁ። አንድ፣ ምንም የለም። እንደገና፣ ምንም። ስንት ጊዜ እንደተጫንሁ አላውቅም፤ አውራ ጣቴ ደከመ። እናቴ «ተይው በቃ» የምትለኝ መስሎኝ ዞር ስል፣ «ቀጥይ» አለችኝ።

ድርግም አለ።

«ጠፋ?» አለች።

«ተገኘ እማዬ። ሲጠፋ ተገኘ ማለት ነው።»

መልሼ ከፈትሁት። «ኤቪ» የሚለውን ስጫን ምስሉ መጣ። ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ትራፊክ ፖሊስ ይናገራል። እናቴ ሁልጊዜ የምታየው ፕሮግራም ነው፤ የነጂ እህት ናትና መንገዱን ሁሉ ከዚያ ትሰማለች። እኔ ልቀይርላት ፈልጌ ነበር። «ይቆይ» አለችኝ።

ጭራሽ ዛፍ የሌለበት፣ ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ አገር ታየ። መኪኖች ቆመዋል። ሰዎች በራሳቸው ላይ ፎጣ ጥለው ይንቀሳቀሳሉ። ከመንገዱ በታች አንድ የጭነት መኪና በጎኑ ተኝቷል። ካሜራው ከኋላው ዞረ። ፊደሎቹ ስለተኙ ለማንበብ ራሴን ወደ ትከሻዬ አዘነበልሁ። የመጨረሻው ፊደል እግሩ ረጅም ነው።

«እማዬ» አልሁ፣ «መኪናችን በቴሌቪዥን ወጣች። ስሜን እዪው።»

ያልሁትን አሁን ድረስ እሰማዋለሁ። ድምፄ የደስታ ነበር።

እናቴ ዮናስን ከጡቷ ላይ አነሣችና አስተኛችው። «አጥፊው» አለች። አጠፋሁት። እጇን ዘረጋች፤ ሪሞቱን ሰጠኋት። የኋላ ክዳኑን በጥፍሯ ከፈተችና ሁለቱን ባትሪዎች አውጥታ መዳፌ ላይ አደረገቻቸው።

«እማዬ፣ ባትሪው ከወጣ ይረሳል ብሏል።»

«ይርሳ» አለች። «ሂጅ ሽንት ቤት ጣያቸው። አንች ምንም አላየሽም። ደጅ ስትጫወች ነው የዋልሽው። ሰምተሻል?»

«እሽ። ጋሽ ታምራት መቼ ነው የሚመጣው?»

ሪሞቱን በፍራሹ ስፌት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስትገፋው አየሁና ወጣሁ። ባትሪዎቹን ጉድጓዱ ውስጥ ጥዬ ሲወድቁ እያዳመጥሁ ሳለ ጩኸቷን ሰማሁ። መጀመሪያ የእናቴ አልመሰለኝም።

እትየ ዝናሽ እየሮጠች ገባች። ቅንድቧ ሁሉ የገብስ ዱቄት ነበር። ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ አባቴ ከመናኸሪያ፤ እዚያ ትኬት ቆራጭ ነበርና ወሬው ቶሎ ደርሶታል። እናቴ ፀጉሯን ፈትታ ደረቷን ትመታለች፤ ሴቶቹ እጇን ይዘዋል።

«ማነው የነገራት?» አለ አባቴ።

«ማንም አልነገረኝም» አለች እናቴ። «በሕልሜ አየሁት።»

«በቀትር?» አለች አንዷ ጎረቤት ቀስ ብላ።

አባቴ ወደ እህቱ ዞረ። «አንች ሬዲዮ። ጥቂት ቀን አፍሽን መዝጋት አቃተሽ?»

«አያ፣ በኢየሱስ ታቦት፣ ወፍጮ ቤት ነበርሁ።»

«ከመሄድሽ በፊትስ?»

እትየ ዝናሽ እናቴን አየቻት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ እትየ ዝናሽ እኔን አየችኝ። እኔ ከበሩ መቃን ጋር ተጣብቄ ቆሜያለሁ፤ እጄ የሽንት ቤት ይሸታል።

ያን ጊዜ ዝም ያልሁት እናቴ ስላዘዘችኝ ብቻ አልነበረም። አስረስ «ሲጠፋ ተገኘ» ብሎኛል። እኔ ደጋግሜ ስጫን፣ ሪሞቱ የሁሉም ስለሆነ፣ እየፈለገ ሄዶ ሄዶ ታምራትን ያገኘው መሰለኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማን ይነግሩታል? ሁለት ዓመት ያህል ሪሞት አልነካሁም። አባቴ ጭምት ሆነች ብሎ አመሰገነኝ።

በሦስተኛው ቀን የእናቴ ጡት ደረቀ። የንስሐ አባታችን እንደፈሩት ሆነ። ዮናስ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። የላም ወተት ከጎረቤት እየለመነች፣ በውኃ እያቀጠነች፣ እያፈላች በጡጦ የመገበችው እትየ ዝናሽ ናት፤ አባቴ እያያት፣ ሳያናግራት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ «በቃ፣ ወደ አገርሽ ግቢ» አላት። የእብናቱን ትኬት የቆረጠላት እሱ ራሱ ነው። ስትሄድ ጉንጬን ሳመችኝና «ወተቱን ሳታፈይ እንዳትሰጭው» አለችኝ።

ቅጽል ስሟ ከእሷ ጋር እብናት ደረሰ። ከቤት ውስጥ ቀልድ ወጥቶ የገበያ ስም ሆነ። ከዚያ የሚመጡ እህል ነጋዴዎች አባቴን መናኸሪያ ሲያገኙት «የሬዲዮ ወንድም» ይሉት ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ ስለ ጋብቻ ሲመክር እሷ ከገባች ወሬ ይቀየራል አሉ። አንድ ጊዜ ለራሷ ሽማግሌ መጥቶ፣ ስሟን ጠይቆ ተመለሰ አሉ። ይህን እናቴ ስትሰማ እኔም አብሬ ነበርሁ። ተያየን። ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች።

ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ኅዳር፣ እናቴ ሞተች። ጉበቷ ነበር። ሆስፒታል ስትተኛ ማታ ማታ የማድረው እኔ ስለሆንሁ ያለፈውን ሁሉ አወራችኝ፤ ያን ረቡዕ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት አልነካችውም።

«የአባትሽን ፂም ሳይ ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «አንድ ነጂ ወንድም ያላት ሴት፣ ስልኳም ሪሞቷም በአንድ ሳምንት ሲጠፋ ምን ታስባለች? ግን ማወቅና ማየት ይለያያል። ረቡዕ በስምንት ሰዓት ፕሮግራሙ እንዳለ አውቄ ነው የላክሁሽ። ዱቄቱም አልሸተተም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለአባዬ አልነገርሽውም?»

«ምን ብዬ? ስሟ የተጻፈበት መኪና ገደለው፣ መርዶውንም ራሷ ነገረች እንዲሉሽ? ገደ ቢስ ብለው ነበር የሚያሳድጉሽ። ለአንድ ልጅ ይህ ስም አይወልቅም። ዝናሽ ትልቅ ሰው ናት፣ ይረሳላታል አልሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አልተረሳላትም። እኔ ደግሞ በቆየሁ ቁጥር አፈርሁ። ስሞት ለይሻው ንገሪው። ዕቃው ከሳጥኔ ሥር፣ በዮናስ መታቀፊያ ተጠቅልሏል።»

እኔ ግን ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነበር። ለመናገር የእሷን ሞት መጠበቅ አያስፈልገኝም ነበር። ገደ ቢስ የሚለውን ስም ራሴ መሸከም ከቻልሁበት ጊዜ ወዲህም እትየ ዝናሽ ጥፋቱን ተሸከመችልኝ፤ እኔም እያወቅሁ አሸከምኋት።

ለቀብሩ እትየ ዝናሽ አልመጣችም፤ እብናት፣ በራሷ ቤት፣ ብቻዋን ለቅሶ ተቀመጠች ሲሉ ሰማን። ከአርባዋ በኋላ ቴሌቪዥኑ የተከፈተ ቀን፣ አባቴ ፂሙ አድጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነገርሁት። ያው አሮጌው ቴሌቪዥን ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ዝናሽን ለማዳን ነው ይህን የምትይው» አለ። «እናትሽ በሕልሜ ነው ያለችው።»

ሪሞቱን ከመታቀፊያው አወጣሁ። አዲስ ባትሪ ከትቼ ማጥፊያውን ተጫንሁ። ቴሌቪዥኑ ማውራቱን ቀጠለ።

«አየሽ? ይህ ለዚህ አይሆንም» አለ አባቴ።

«ረስቶ ነው፣ አባዬ።»

ሴቷን ተጭኜ ያዝኋት። ቀዩ መብራት በራ። ከዚያ ቀስ እያልሁ ማጥፊያውን ደጋግሜ ተጫንሁ። አባቴ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ያይ ነበር። ስቆይ ጊዜ ጣቴን ማየት ጀመረ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚናገረው ሰው ከንግግሩ መካከል ድርግም አለ።

አባቴ በጨለመው መስታወት ውስጥ የራሱን ፊት አየ። እጁን ወደ ፂሙ ሰደደ።

«ያኔ አስረስ የሪሞት ሂሳብ ሲጠይቀኝ ከሌላ ሰው አደባልቆኝ ነው ብዬ ሳቅሁበት» አለ።

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ወደ እብናት ሄደ። እኔም ልሂድ ስለው «የእኔ ይቅደም» አለኝ። ማታ ተመለሰ። ምን አለች ብዬ ስጠይቀው «ሰማች» ብቻ አለኝ። በሳምንቱ እኔም ሄድሁ። እትየ ዝናሽ እህል እየሰፈረች ነበር፤ የያዘችውን ሰፍራ ጨረሰች፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ሁሉንም ነገርኋት። «ዮናስ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰባተኛ አልኋት።

ለእናቴ ሙት ዓመት ጠራናት። አንድ ማዳበሪያ የተፈጨ የገብስ ዱቄት በመኪና ላከች፤ እሷ አልመጣችም።